ለክቡር 40 በመቶ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ የልደት ማስረጃ እንዲያቀርቡ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

ከላይ «ባሉበት» ብዬ የጻፍኩት አድራሻዎ ጠፍቶኝ ሳይሆን የሌሉበትን ቦታ ማግኘት ስላልቻልኩ ነው። በአውደ ጥናት መክፈቻ ንግግር ላይ ከ«ክቡራንና ክቡራት» ቀጥለው እርስዎ ይመጣሉ። በመመረቂያ ጽሑፍ መግቢያ ላይ አሉ፤ በፕሮጀክት ሰነድ ውስጥ አሉ፤ ክረምት በገባ ቁጥር በቴሌቪዥን አሉ። «የዛሬ መቶ ዓመት ከአገራችን የቆዳ ስፋት 40 በመቶው በደን የተሸፈነ ነበር» የሚለውን ሳይሰማ ጡረታ የወጣ የግብርና ባለሙያ ካለ፣ ደመወዝ እየበላ ሥራ አልገባም ማለት ነው።

ዕድሜዎም ይገርመኛል። በደርግ ጊዜ «የዛሬ መቶ ዓመት» ነበሩ፤ ዛሬም «የዛሬ መቶ ዓመት» ነዎት። መንግሥት ተለወጠ፣ ሚኒስቴሩ ስሙን ደጋግሞ ቀየረ፣ የደን ጉዳይ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ሲጓጓዝ ኖረ፤ እርስዎ ግን አንዲት ነጥብ እንኳ አልጎደሉም። ስለዚህ አንድ ዜጋ የቀበሌ መታወቂያ ሲያወጣ የሚጠየቀውን ያህል ብቻ ልጠይቅዎ፦ የት ተወለዱ? ማን ለካዎ?

ጥያቄው ክፋት የለበትም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ (ዓመታቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆች እየቆጠርኩ ነው) ኢትዮጵያ ድንበሯን ከቅኝ ገዥ ጎረቤቶቿ ጋር ገና በውል እያካለለች ነበር። ቀላድ የተጣለው ርስት ለመደልደልና ግብር ለመጣል እንጂ ዛፍ ለመቁጠር አልነበረም። የመጀመሪያው አውሮፕላን አገራችን የደረሰው በ1929 ነው፤ ስለዚህ ከሰማይም ያየዎት የለም። መቶው ስንት እንደሆነ ሳይታወቅ አርባው እንዴት ታወቀ?

አጤ ምኒልክም ስለ እርስዎ የሰሙ አይመስልም። አዲስ አበባ ገና በልጅነቷ ማገዶና ማገር አጥሯት፣ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ እስከመጀመር ተደርሶ ነበር። ከተማዋን ባለችበት ያቆያት ባሕር ዛፍ ነው። አርባ በመቶ ደን ያለው ንጉሥ ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ምን ያስለምነዋል?

የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን በ1997 ባሳተመው ጥናት የእርስዎን ነገር ፈትሾታል። ከጀርባዎ ያገኘው ልኬት ሳይሆን አንዱ ሌላውን እየጠቀሰ የተያያዘ የሰነድ ሰልፍ ነው። ቤልጂጋዊው ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ ደግሞ፣ እንግሊዞች በ1868 ወደ መቅደላ ሲዘምቱ ትግራይ ውስጥ ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ይዘው፣ ከ140 ዓመት በኋላ ፎቶ አንሺው የቆመበት ላይ ቆመው እንደገና አነሱ። ያኔ ተራሮቹ ራቁታቸውን ነበሩ፤ አሁን የተሻለ ዛፍና ቁጥቋጦ ይታይባቸዋል። እርስዎ በዚያ በ1868 የት ነበሩ፣ ክቡርነትዎ? ፎቶው ላይ የሉም።

ደን አልተመነጠረም እያልኩ አይደለም። ከፋን፣ ሸካን፣ ኢሉባቦርን ያየ ሰው እንዲህ አይልም፤ እዚያ የደረሰው ጉዳት እውነት ነው፤ ብዙው ደግሞ በእኛው ዕድሜ የደረሰ ነው። የማዝንብዎ ይህንኑ እውነት ስለሸፈኑት ነው። ሺህ ዘመን የታረሰውን ሰሜን ትናንት ከተመነጠረው ደቡብ ምዕራብ ጋር ደባልቀው፣ ሁሉንም በአንድ ቁጥር ጠቅልለው፣ ተጠያቂውን አንድ ሰው አደረጉት፦ ባለ መጥረቢያውን ገበሬ። በ1980ዎቹ የዓለም ምግብ ፕሮግራም 2488 በሚባለው ፕሮጀክት በቀን 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት እየተከፈለው ተራራ ሲከልል፣ እርከን ሲክብና ችግኝ ሲተክል የኖረው እሱ ነው። በ1991 መንግሥት ሲወድቅ በብዙ ቦታ የተከለውን ዛፍ መልሶ ቆረጠው። ያኔም የተባለው «ገበሬው ግንዛቤ ይጎድለዋል» ነው። አለን ሆበን የተባለ አጥኚ በ1995 ያን ሁሉ የእርከንና የችግኝ ጥድፊያ ሲመረምር፣ በቂ ጥናት ሳይሆን አንድ የታመነ ታሪክ እንደመራው ጽፏል። የታሪኩ ዋና ተዋናይ ማን እንደሆኑ ለእርስዎ አልነግርም።

ይህን ሁሉ የምለው ግን ልወቅስዎ ሳይሆን ልቀናብዎ ነው። የአሜሪካዊው ፖለቲከኛ የአል ጎር መጽሐፍ ውስጥ ሳይቀር ገብተዋል፤ ያለ ቪዛ! ምስጢርዎን ይንገሩኝ። በዚህ አገር በስንት ላብ የተለካ ነገር ከአንድ ቢሮ ወደ ጎረቤት ቢሮ መሻገር ሲያቅተው፣ ያልተለኩት እርስዎ ዓለምን ዞሩ።

በሐምሌ 2019 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በዚያው ዕለት ተነገረን። ደግ ነው። ከተተከለው ስንቱ ጸደቀ የሚለው ግን ሌላ ወግ አለው። እኔ የአንድ ወረዳ የፅድቀት ጥናት ፈልጌ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ጥናቱ መሠራቱን ሁሉም ያውቃል። አንዷ ባለሙያ «አዎ፣ እኔም መስክ ወጥቼበታለሁ» አለችኝ፣ ደስ እያላት። ከዚያ የትብብር ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። አመጣሁ። ለካ መጻፍ የነበረበት ለዳይሬክተሩ ሳይሆን ለዘርፉ ነው። ተስተካክሎ መጣ፤ ተመራ፤ ከተመራበት ደግሞ ተመራ። በመጨረሻ የደረሰው ወጣት በትሕትና ብድግ ብሎ «ጋሼ፣ ሃርድ ኮፒው እዚያ ቁምሳጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉን የያዘው ልጅ ግን ሥልጠና ላይ ነው» አለኝ። ሥልጠናው ስለ መረጃ አያያዝ ነው። ሶፍት ኮፒውስ? አማካሪው ጋ ነው። አማካሪውስ? ኮንትራቱ አልቋል። ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፤ ቀና ስል ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ፖስተር እርስዎን አየሁዎት፤ በደማቅ አረንጓዴ፣ በትልልቅ ቁጥር፣ ያለ ትብብር ደብዳቤ።

ቁልፉን የያዘውን ልጅ አልወቅሰውም። ፕሮጀክት ሲዘጋ ፒክአፑ በሰሌዳ ቁጥሩ፣ ወንበሩ በኮዱ፣ የሻይ ቴርሞሱ ሳይቀር ርክክብ ይፈረምበታል። መረጃ ግን በሞዴል 19 ገቢ አልሆነም፤ ገቢ ያልሆነ ንብረት ደግሞ በሞዴል 22 ወጪ ሊሆን አይችልም። ልጁ ሕጉን ነው የጠበቀው። ተመራማሪውም ቢሆን የደረጃ ዕድገቱ የሚቆጠረው በስሙ በታተመው ወረቀት ነው፤ ጥሬ መረጃውን ላካፈለ የሚሰጥ ነጥብ የለም። በዚያ ላይ «ሰጥቼ ልበላ ነው» የሚለው ፍርሃት ከሜዳ የመጣ አይደለም። የጤፍ ዘራችን ለጥናት ተብሎ ወደ ሆላንድ ተሻግሮ፣ እዚያ ያለ ኩባንያ የፈጠራ ባለቤትነት ሲያወጣበት አይተናል፤ ፓተንቱን የሄግ ፍርድ ቤት ዋጋ ያሳጣው ከስንት ዓመት በኋላ ነው። በእባብ የተነደፈ ሰው ቁምሳጥን ቢቆልፍ አይፈረድበትም። የሚፈረድበት ቁልፉን አገሬው ላይም ሲያዞር ነው።

ለዚህ ምሳሌ አፈርን ይመልከቱ። የአንድን ቦታ አፈር በወግ ለመመዝገብ እስከ ሰው ደረት የሚደርስ ጉድጓድ ይቆፈራል። ባለሙያው ይገባበታል፤ ግድግዳውን በቢላዋ ይፍቃል፤ እያንዳንዱን ንብር ይለካል፤ ቀለሙን ከቀለም መጽሐፍ ጋር ያስተያያል፤ በእጁ አርጥቦ ያሸዋል፤ ናሙናውን በከረጢት አስሮ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል። ለመስኖ፣ ለእርሻ ልማት፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ እየተባለ ይህ ሥራ በመላ አገሪቱ ለአሥርት ዓመታት ተሠርቷል። ውጤቱ በየሪፖርቱ አባሪ ተበትኖ ቀረ፤ ስንቱ ጉድጓድ የተቆፈረበት ስፍራ እንኳ በቅጡ አልተጻፈም። ተከታዩ ፕሮጀክት ሲመጣ ያንኑ ቀበሌ እንደ አዲስ ይቆፍራል፤ አበሉም አዲስ ነው።

በ2018 ግን የአፈርና የአግሮኖሚ መረጃቸውን ለማካፈል ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎችና ተቋማት ጥምረት ፈጠሩ። (ፈቃደኛ ያልሆኑት ቁልፋቸውን እንደያዙ በያሉበት አሉ።) ከየመሳቢያው፣ ከየፍላሹ፣ ከየቢጫ ወረቀቱ ወደ 20,000 የሚጠጋ የአፈር ጉድጓድ መዝገብ ሰበሰቡ፤ አጣርተው በ14,681ዱ የአገሪቱን የአፈር ዓይነት የሚያሳይ ካርታ ሠርተው በ2024 አሳተሙ። እነዚህን ሰዎች ያለ ሽሙጥ አመሰግናለሁ፤ በዚህ ደብዳቤ ያለው ሽሙጥ ለእርስዎ ብቻ የተመደበ ነው። እስቲ ይፍረዱ፦ 14,681 ጉድጓድ፣ እያንዳንዱ ቆፋሪ ያለው፣ ቦታ ያለው፣ ጥልቀት ያለው። እርስዎስ? አንዲት ጉድጓድ፣ አንዲት ግንድ፣ አንድ ምስክር ይጥሩ።

በሌላውም ዓለም ቢሆን መረጃ መጋራት ከጥንት የታሰበበት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ1974 አግሪስ የተባለውን የመረጃ ቋት ሲያቋቁም ሐሳቡ እንደ እቁብ ነበር፦ እያንዳንዱ አገር የራሱን የግብርናና የደን ጽሑፍ ሰብስቦ ያስመዘግባል፣ በምላሹ የሁሉንም ያገኛል። እኛ የፈረንጁን መቀበሉን ወደድነው። የራሳችንን መጣሉ ነው የከበደን፤ ስለዚህ አንድ የወሎ የግብርና ባለሙያ ስለ ብራዚል ባሕር ዛፍ ከማግኘት ይልቅ እዚሁ ሆለታ የምርምር ማዕከል ስለተሞከረው ማግኘት ይቸግረዋል።

ታናናሾችም አሉዎት፤ ሳያውቋቸው አይቀሩም። ለዓመታት በየክልሉ እየዞረ የእንጨት ሀብታችንን የቆጠረው ፕሮጀክት በ2000ዎቹ አጋማሽ ሲያጠናቅቅ፣ የተፈጥሮ ደናችን ወደ 4.07 ሚሊዮን ሄክታር፣ ማለትም 3.56 በመቶ ነው አለ። ቀጥሎ 15.5 በመቶ የሚባሉት መጡ። ከ3.56 ወደ 15.5 የተዘለለው በአብዛኛው ዛፍ በቅሎ ሳይሆን መስፈርት ተቀይሮ ነው፦ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 20 በመቶ የቅርንጫፍ ጥላ፣ 2 ሜትር ቁመት። ጥቅጥቅ ያለው የቆላ ጫካና ቀርከሃው በዚህ ገቡ። መከራከር ይቻላል፤ እኔም 2 ሜትር የሆነ ነገር አጠገብ ስቆም ደን ውስጥ የገባሁ አይመስለኝም። ነገር ግን ሁለቱም መታወቂያ አላቸው፤ ማን ቆጠራቸው፣ መቼ፣ በምን መስፈርት ቢባል ይመልሳሉ። ለዚህ ይሆናል በአውደ ጥናት የማይጋበዙት።

እንግዲህ ይህ ደብዳቤ በደረሰዎ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ የልደት ማስረጃዎን፣ የለካዎትን ሰው ስምና የተለኩበትን ገመድ ይዘው እንዲቀርቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ማቅረብ ካልቻሉ ጡረታ ይውጡ አልልም፤ የእርስዎ ልምድ መባከን የለበትም። በመልእክተኛነት ይቀጠሩ። ሚኒስትር ንግግር ውስጥ ሲገቡ ያቺን የወረዳ የፅድቀት ጥናት በብብትዎ ይዘው ይግቡ፤ ፖስተር ላይ ሲወጡ የአንዱን ጉድጓድ መዝገብ ከጎንዎ ያስለጥፉ፤ ውጭ አገር ሲጠቀሱ የሆለታን ሙከራ ሻንጣዎ ውስጥ ይክተቱ። በር ላይ እርስዎን የሚፈትሽ የለም።

የውሎ አበልዎ እንደተለመደው ይታሰባል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለክቡር 15.5 በመቶ፣ እንዲያውቁት
ለአቶ 3.56 በመቶ፣ በቁምሳጥኑ በኩል
ለመዝገብ ቤት፣ ልጁ ከሥልጠና ሲመለስ