ለወንጪ ድምፅ የሰጡ ጀግኖች

ቅዳሜ ማለዳ በወሊሶ በኩል 150 ኪሎ ሜትር ገደማ አቆራርጠው ወንጪ ሐይቅ ዳር ድንኳን ለሚተክሉ የአዲስ አበባ ወገኖቻችን እስካሁን ሐውልት አለመቆሙ ያሳፍራል። የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ ሲያስገባት አንድ ነውሯን ሳያይ አልፏል፦ ጸጥታዋን። እሱን ያቃኑት እነዚህ ናቸው።

ወንጪ እሳተ ገሞራ የቆፈረው ጉድጓድ ነው። ዙሪያው ከፍተኛ ጫፉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,300 ሜትር የሚበልጥ ገደል ነው፤ ሐይቁ ከሥሩ ተኝቷል። የዋህ ሰው ይህ ሁሉ ለዓይን የተሠራ ይመስለዋል። ለጆሮ ነው እንጂ! ታች ስፒከር ሲከፈት ገደሉ ተቀብሎ ይመልሰዋል፤ አንዱ ዘፈን ሁለቴ ይደመጣል፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ። በደሴቲቱ ላይ ያሉት የቂርቆስ ገዳም አባቶችም ሌሊቱን ብቻቸውን ሰዓታት ከመቆም ድነዋል፤ አማፒያኖ አብሯቸው ያድራል።

ጀልባው ላይ ያለው ጥበብ ደግሞ ይለያል። የሕይወት አድን ጃኬቱ ለፎቶ ይለበሳል፤ ፎቶው ሲያልቅ «ይሞቃል» ተብሎ ይወልቃል። መቅዘፊያ የያዘው እንግዳው ነው፤ የሚቀዝፈው ግን ከኋላ የተቀመጠው የሰፈሩ ልጅ። እሱም ቪዲዮው ውስጥ እንዳይገባ «ወንድሜ፣ ትንሽ ጎንበስ በልልኝ» ይባላል፣ በትሕትና። ማታ ምስሉ ሲለጠፍ ከሥሩ «ብቻዬን፣ ከተፈጥሮ ጋር» የሚል ይጻፍበታል። (ካሜራውን ማን እንደያዘ አትጠይቁ።)

ሲመሽ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ደጋ መሆኑን ማን ነግሯቸው! ስለዚህ አስታና ጥድ ይቆረጣል። እርጥብ እንጨት ደግሞ ከመጨስ በቀር አይነድም፤ ለዚህም የጄኔሬተሩ ቤንዚን አለ። ደኑን ሊያደንቁ የመጡ ሰዎች ደኑን በጭስ ውስጥ ሆነው እያሳሉ ያደንቁታል።

እሑድ ጽዳት ነው። ፕላስቲኩ በፌስታል ይሰበሰባል፣ ፌስታሉ ይቋጠራል፣ ቋጠሮው ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ኃላፊነት የሚሰማው ትውልድ ማለት እንዲህ ነው! የቀረውን ለክረምቱ ጎርፍ መተው ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ቁልቁል የሚወርድ ነገር መድረሻው አይጠፋውም።

መኪናው ዳገቱን ሲጨርስ አስተባባሪው ማይክሮፎን ይዞ ይነሣል። ቀጣዩ ጉዞ ወደ ጎረቤቱ ደንዲ ነው፤ «ሰው ያልረበሸው ቦታ» ነው አሉ፣ ሁለት አውቶቡስ ሞልቷል። ሐይቁ የ8 ቁጥር ቅርጽ ይዞ ለሁለት ስለተከፈለ ስፒከሩም ሁለት እንዲሆን በጭብጨባ ተወስኗል።