ሙን ላይ መኪና አገለባበጥ

ከርባል ስፔስ ፕሮግራም የተባለውን የጠፈር ጌም የሚጫወት ሰው ይዋል ይደር እንጂ ሙን ላይ ሮቨር የተባለ መኪና ማውረዱ አይቀርም። ሙን ከርቢን የተሰኘችውን የጌሙን ምድር የምትዞር ግራጫ ጨረቃ ናት። ሮኬቱን ገጣጥሞ ማስወንጨፍ፣ ምሕዋር ውስጥ ማስገባት፣ ነዳጅ ሳያልቅ ቀስ አድርጎ ማሳረፍ ስንት ሌሊት ይፈጃል። ይህ ሁሉ ታልፎ በመጨረሻ የሮቨሩ ጎማ አፈር ይነካል። ተጫዋቹ ደብሊው የምትለውን ቁልፍ ይጫናል፤ ደቂቃ ሳይሞላ መኪናው በጣሪያው ተደፍቶ ጎማዎቹ ወደ ጥቁሩ ሰማይ ይሽከረከራሉ።

እንዴት መንዳት እንደሚገባ የሚመክር ሞልቷል። እኔ እንዴት እንደሚገለበጥ እመክራለሁ። አገለባበጡን ከነምክንያቱ ያወቀ ሰው ጎማውን መሬት ላይ ማቆየት ይችላል፤ ምክንያቱ ሳይነገረው "ቀስ በል" የተባለ ግን ቀስ ብሎም ይገለበጣል። እንግዲህ መገልበጥ የምትሹ ስሙ።

ሥራው የሚጀመረው ሙን ከመድረሳችሁ በፊት፣ መኪናው በሚገጣጠምበት አዳራሽ ነው። ጠባብና ረዥም አድርጋችሁ ሥሩት። የግራና የቀኙን ጎማ አቀራርቡ፤ የሰው መቀመጫውን ከላይ አድርጉ፣ ባትሪውን ከእሱ በላይ፣ የምርምር መሣሪያውን ከሁሉም በላይ ቆልሉ። ሶላር ፓነሉና አንቴናው ወደ ጎን ይውጡ፤ መኪናው ሲንከባለል መጀመሪያ መሬት የሚነካቸው እነሱን ነውና። ከዚያም ሮኬት ላይ ሳትጭኑት በአውሮፕላን ማኮብኮቢያው ላይ ሞክሩት። የከርቢን ስበት ከእኛዋ ምድር ጋር እኩል ነው፤ 9.81 ሜትር በሰከንድ ካሬ። መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ይታጠፋል፣ ይቆማል። እናንተም ታምኑታላችሁ፤ ያመናችሁትን ይዛችሁም ትሄዳላችሁ።

እውነተኛውን የጨረቃ መኪና የሠሩት ሰዎች እንዲህ አላደረጉም። እ.ኤ.አ. በ1971 አፖሎ 15 ይዞት የሄደው ሮቨር ሁለት ሰው ከነዕቃው የሚሸከም ሆኖ ሳለ የራሱ መጠነ ቁስ 210 ኪሎ ግራም ብቻ ነበር። ርዝመቱ 3 ሜትር ያህል፣ በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መካከል ያለው ስፋት 1.8 ሜትር ያህል ነው። ጣሪያ የለው፣ በር የለው፤ ወንበሮቹ ዝቅ ብለው ተቀምጠዋል። ፎቶግራፉን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ሰፊነቱንና ዝቅታውን ነው። መገልበጥ የማይፈልግ ሰው ሌላ ንድፍ ከመፈለጉ በፊት እሱን ይመልከት።

ሙን ላይ ስበቱ 1.63 ነው፤ የእኛዋ ጨረቃ 1.62። የምድር አንድ ስድስተኛ መሆኑ ነው። ብዙ ተጫዋች ይህን ሲያይ "መኪናው ቀለለ፤ እንደ ልብ ይነዳል ማለት ነው" ይላል። መገልበጥ የሚፈልግ ከዚህ ሐሳብ ንቅንቅ አይበል። የቀለለው ክብደቱ ነው፤ መጠነ ቁሱ ባለበት አለ። ጎማውን አፈሩ ላይ ተጭኖ የሚይዘው ክብደት ነው፤ እሱ ወደ አንድ ስድስተኛ ወርዷል። አልቆምም፣ አልታጠፍም የሚለው መጠነ ቁስ ነው፤ ከእሱ አንድ ግራም አልጎደለም። ስለዚህ በዚያው ፍጥነት የሚሄድ መኪና ፍሬን ተይዞ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት ስድስት እጥፍ ይረዝማል። መታጠፊያ ላይ ደግሞ ሳይገለበጥ ሊይዘው የሚችለው ፍጥነት በሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ ይቀንሳል። ማኮብኮቢያው ላይ አንድን ኩርባ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለጥቂት ሳይገለበጥ የዞረ መኪና ሙን ላይ ያንኑ ኩርባ ከ24 በላይ ይዞ ከገባ አለቀለት።

እዚህ ላይ ጌሙ ራሱ የሚያግዛችሁ ነገር አለ። ፍጥነቱን የሚጽፈው በሜትር በሰከንድ ነው። መኪና የለመደ ዓይን 20 የሚል ቁጥር ሲያይ ሰፈር ውስጥ የሚሄድ ይመስለዋል። 20 ሜትር በሰከንድ ግን በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ነው። አፖሎ 17ን የመራው ዩጂን ሰርናን ጨረቃ ላይ የያዘው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ በጌሙ ቁጥር 5 ማለት ነው። ለመገልበጥ ይህን ስሌት አታስቡት፤ ቁጥሩ 20 ሲደርስ "ገና ነው" በሉ፤ 30 ሲሞላ መሪውን ጠምዝዙ።

መታጠፊያ ካላገኛችሁ የክሬተር፣ የክብ ጉድጓዱ፣ ጠርዝ አለ። ሙን በክሬተር የተሞላች ናት፤ ጠርዙም ከሩቅ ለስላሳ ኮረብታ ይመስላል። ሽቅብ ወጥቶ አፋፉ ላይ ሲደርስ በሰከንድ 5 ሜትር ወደ ላይ የሚወረወር መኪና ከርቢን ላይ ቢሆን ከአንድ ሰከንድ በኋላ መሬት ይመለሳል። ሙን ላይ ስድስት ሰከንድ አየር ላይ ይቆያል። አየር ላይ ማለቴ ለአነጋገር ነው፤ ሙን ላይ አየር የለም፤ መኪናውን የሚያረጋጋ ነፋስም የለም። አፋፉን ሲለቅ የፊት ጎማው ቀድሞ ስለተነሳ ወይም ስለወረደ የጀመረው ትንሽ መዞር ስድስቱን ሰከንድ ሙሉ ይቀጥላል። መጀመሪያ አፍንጫው በትንሹ ያዘነብላል፤ ሦስተኛው ሰከንድ ላይ የፊት መብራቱ ቁልቁል አፈሩን ያበራል፤ ስድስተኛው ላይ መኪናው በአፍንጫው ያርፋል። ሶላር ፓነሉ ተገንጥሎ ቀስ እያለ ሲንሳፈፍ ታያላችሁ።

ከሁሉ የበለጠውን ምክር ሆን ብዬ እዚህ አድርሼዋለሁ። የኪቦርዱን ሴቲንግ አትንኩት፤ ጌሙ ሲመጣ እንደመጣ ተጫወቱ። ጌሙ ሲከፈት ደብሊው ለሮቨር "ወደፊት ሂድ" ማለት ነው፤ ያችው ቁልፍ ለመንኮራኩር ደግሞ "አፍንጫህን ድፋ" ማለት ናት። መኪናው ሁለቱንም ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ይሰማል። አፍንጫውን የሚደፋው ኃይል የሚመጣው በሰው መቀመጫው ውስጥ ካለው ሪአክሽን ዊል ነው። በሚሽከረከር ወንበር ላይ ተቀምጦ ክንዱን ወደ ግራ የወረወረ ሰው ወገቡ ወደ ቀኝ እንደሚዞር፣ ይህም መሣሪያ ውስጡ ያለውን ክብ ብረት ወደ አንድ ወገን እያሽከረከረ መንኮራኩሩን ወደ ሌላው ያዞራል። ጠፈር ላይ ያለ ነዳጅ መዞር የሚቻለው በእሱ ነው። ከርቢን ላይ የመኪናው ክብደት ስለሚበልጠው መኖሩም አይታወቅም። ሙን ላይ ክብደቱ ሲቀንስ የሪአክሽን ዊሉ ጉልበት ግን እንዳለ ነው። ደብሊውን በተጫናችሁ ቁጥር የኋላ ጎማዎቹ ከአፈሩ ይነሳሉ፣ የፊቶቹ ይጫናሉ፣ መኪናው በፊት ጎማው ላይ ይቆማል፣ ከዚያም ይደፋል። ብዙ ሰው ጎማውን ይወቅሳል፣ ንድፉን ይወቅሳል፣ ጌሙን ይወቅሳል፤ አዲስ ሮቨር ሠርቶ ይመለስና በዚያው ቁልፍ ይገለበጣል።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንዱ ወደ ሴቲንግ ገብቶ ለጎማው የራሱን ቁልፎች መስጠት ነው። ሌላው የሰው መቀመጫውን በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ነክቶ ሪአክሽን ዊሉን ማጥፋት። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የተገለበጠን ሮቨር መልሶ የሚያቃናው ያው ሪአክሽን ዊል ነው። ኤስ.ኤ.ኤስ. የሚባለውን አቋም ጠባቂም አስታውሱ። እሱ መኪናው በነበረበት አቅጣጫ እንዲጸና ይታገላል፤ ሜዳ ላይ አብርታችሁት ዳገት ስትገቡ መሬቱ ሲያጋድል እሱ አላጋድልም እያለ ጎማ ያነሳል። ለመገልበጥ ሁልጊዜ ይብራ።

ፍሬን ላይ ብዙ አልቆይም። በሙሉ ኃይሉ፣ በሁሉም ጎማ፣ ቁልቁለት ላይ፣ መሪው እንደተጠመዘዘ ያዙት። መቆም የሚፈልጉ ሰዎች የፊት ጎማዎቹን ፍሬን አላልተው ወይም አጥፍተው በኋላዎቹ ይቆማሉ፤ እያንዳንዱ ጎማ ላይ ይህን ማስተካከል ይቻላል።

የሙን ወገብ ዙሪያ 1,257 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰከንድ 20 ሜትር ያለማቋረጥ ቢነዳ እንኳ ዞሮ ለመመለስ አሥራ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ጊዜውን በአራት እጥፍ ማፍጠን ያጓጓል፤ ጌሙም ይፈቅዳል። ፈቃዱን ተጠቀሙበት። በአራት እጥፍ ሲሄድ ኮምፒውተሩ የመኪናውን ግጭትና መገጣጠሚያ የሚያሰላው በሰፋፊ እርምጃ ስለሆነ፣ በተራ ፍጥነት ዘልሎ የሚያልፈው ጠጠር ጎማ ይሰብራል። ሰው የጨረቃን ዙሪያ በጌም ውስጥ በሙሉ ሊነዳ ሲነሳ ግን ደስ ይለኛል። ትዕግሥት የሚጠይቅ ጉዞ ነው፤ ተራራው፣ ሜዳውና ክሬተሩ እያንዳንዱ የየራሱ የሳይንስ ነጥብ አለው። በተራ ፍጥነት፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ቢነዳ ያምራል።

ለምሽቱም አትዘጋጁ። ሙን እንደ እኛዋ ጨረቃ አንድ ፊቷን ብቻ ለእናቷ እያሳየች ስለምትዞር የአንድ ቀንና ሌሊቷ ርዝመት 39 ሰዓት ያህል ነው፤ ከዚያ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ጨለማ። ሰው አልባ ሮቨር በሶላር ብቻ ይዛችሁ፣ ትንሽ ባትሪ ጭናችሁ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መንገድ ጀምሩ። ባትሪው ሲያልቅ ኮምፒውተሩ ይጠፋል፤ ቁልቁለት ላይ ከሆነ ሳይታዘዝ ይንከባለላል። የሶቪየቶቹ ሉኖኮድ 1 እ.ኤ.አ. በኅዳር 1970 ጨረቃ ላይ ሲወርድ ይህ ታስቦለት ነበር። ሁለት ሳምንት የሚዘልቀውን ሌሊት የሶላር ክዳኑን ዘግቶ፣ በውስጡ ባለ የፖሎኒየም ማሞቂያ እየሞቀ ያሳልፍ ነበር፤ እንዲህ እያለም ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ሄደ። ተከታዩ ሉኖኮድ 2 በ1973 ወደ 39 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ ክሬተር ውስጥ ገብቶ ክዳኑ አፈር ዛቀ፤ አፈሩ ማቀዝቀዣው ላይ ወደቀና መኪናው በሙቀት ሞተ። የሚነዱት ምድር ላይ ተቀምጠው፣ በየጥቂት ሰከንዱ የሚመጣ አንድ አንድ ፎቶ እያዩ ነበር። ጌሙ ውስጥ እኛ መኪናውን ከፈለግነው ማዕዘን ሁሉ እያየን መገልበጣችን ሊያሳስበን ይገባል።

አንቴናን በተመለከተ አጭር ነው፤ ያለ ማስተላለፊያ ሳተላይት ከርቢን ወደማትታይበት ወገን ሰው አልባ ሮቨር ንዱ፣ ሲግናሉ ይቋረጣል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2019 ዩቱ 2 የተባለውን ሮቨር በጨረቃ ጀርባ ከማውረዷ በፊት ቹዌጫው የተባለችውን አስተላላፊ ሳተላይት በ2018 አምጥቃ ነበር።

ሰው ከጫናችሁ ከጌሙ ጠፈርተኞች ጄባዳያ ከርማንን ብቻ ጫኑ። ጄብ ደፋር ነው፣ ፈገግታው አይጠፋም፣ ግን ፓይለት ነው፤ የተሰበረ ጎማ መጠገን የሚችለው እንደ ቢል ያለ ኢንጂነር ነው። በቢል ቦታ ሌላ ፓይለት ጨምሩና ጎማ ሲሰበር ሁለቱን አቁማችሁ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1972 አፖሎ 17 ላይ የሰርናን መዶሻ የሮቨሩን የኋላ ጭቃ መከላከያ ያዘና ሰበረው። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ጎማው የሚበትነው ጥቁር አቧራ ሰዎቹንና መሣሪያውን ሁሉ ያለብስ ጀመር፤ አቧራው የፀሐይን ሙቀት ስለሚይዝ መሣሪያውን ያግላል። በማግስቱ አራት ካርታዎችን በፕላስተር አጣብቀው፣ በመቆንጠጫ አስረው ምትክ ሠሩለት፤ እሱን አድርገውም እስከ 7.6 ኪሎ ሜትር ርቀው ሄዱ። እንደ ልብ መራቅ አልተፈቀደም፤ ሮቨሩ ቢበላሽ በእግር ለመመለስ ኦክስጅኑ ሊበቃቸው ይገባ ነበርና። ጌሙ ውስጥ ኦክስጅን አያልቅም፤ ከርባል የሚባሉት የጌሙ ጠፈርተኞች የሚያነሳቸው እስኪመጣ ድረስ ይጠብቃሉ። ስለዚህ የፈለጋችሁትን ያህል ርቃችሁ መገልበጥ ትችላላችሁ።

በመጨረሻ ኤፍ 5ን፣ ማለትም ሴቭ ማድረጊያውን፣ መኪናው አየር ላይ ሳለ ተጫኑ። ወደ ሴቩ የሚመልሰውን ኤፍ 9ን በተጫናችሁ ቁጥር ያው አወዳደቅ ይጠብቃችኋል። ሴቭን አልቃወምም፤ ግን በተገለበጠ ቁጥር ወደ ኋላ የሚመለስ ተጫዋች ለምን እንደተገለበጠ ሳያውቅ ይኖራል። አንድ ጊዜ የተገለበጠን መኪና በሪአክሽን ዊሉ አቃንታችሁ፣ የተሰበረውን ጎማ ቢል እንዲጠግነው አድርጋችሁ መንገድ ብትቀጥሉ ከአሥር ሎድ የበለጠ ትማራላችሁ።

ይህን ሁሉ አንብባችሁ መገልበጥ ካልፈለጋችሁ ዛሬ ማታ ጌሙን ስትከፍቱ፣ ሮኬት ከመሥራታችሁ በፊት፣ ወደ ሴቲንግ ግቡና የጎማውን ቁልፎች ከመንኮራኩሩ ቁልፎች ለዩ። ሙን ላይ ስትወርዱም ከ10 ሜትር በሰከንድ አትለፉ፤ ከመታጠፋችሁ በፊት ደግሞ ወደ 5 አውርዱት።