መርከብ ታቅፌ አብነት ገባሁ

ነገሩ ቀላል ነበር። አብነት፣ እኛ ግቢ ያሉት ጋሼ የድሮ ባህር ኃይል ናቸው። የወጣትነት ፎቷቸው መስታወቱ ተሰነጠቀና «መርካቶ ስትሄድ አስቀይርልኝ» አሉኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። እኔ ግን ቀላል ነገር በእጄ ገብቶ ቀላል ሆኖ አያውቅም።

ፍሬም ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ የመርከብ ሥዕል ተሰቅሏል። መርከቧ ነጣ ያለች፣ ምሰሶዋ ሰማይ ልትወጋ የደረሰች፤ በስተቀኝ ፀሐይዋ ስትጠልቅ ሰማዩ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል። «ጋሼ ይህን ሲያዩ!» አልኩና ለሽንኩርት የያዝኩትን ብር ጭምር ከፍዬ ታቅፌያት ወጣሁ። ወያላው የሁለት ሰው ሂሳብ ተቀበለኝ። ማዕዘኗ ደግሞ አጠገቤ የተቀመጡትን እናት ነጠላ ይዞ አልለቅ ብሎ፣ እስከ አብነት ይቅርታ ስጠይቅ ደረስኩ።

ቡና ተፈልቶ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። ታክሲ ውስጥ ከስልኬ የሸመደድኩትን ቆሜ መዘርገፍ ጀመርኩ። «ቴሜሬር ትባላለች፤ 98 መድፍ! በ1805 ትራፋልጋር ላይ ከኔልሰን መርከብ ጎን የተዋጋች!»

የጋሼ ጣት ነጯን አልፎ ከፊቷ ያለችው ጥቁር፣ ጭስ የምትተፋ ጀልባ ላይ አረፈ። «ይህቺ ወዴት ነው የምትጎትታት?»

ስልኬን አወጣሁ። ጮክ ብዬም አነበብኩ፣ ጉድ እኮ ነኝ! ተርነር የሚባለው እንግሊዛዊ በ1839 ያሳየው ይህ ሥዕል፣ መርከቧ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቴምዝ ወንዝ ላይ ልትፈራርስ ስትጎተት የሚያሳይ ነው።

«ለቁራሌ በለኛ» አሉ።

እሳቸው ያገለገሉባት መርከብ «ኢትዮጵያ» በ1962 ከአሜሪካ መጥታ፣ በ1991 ወደ የመን ሸሽታ፣ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች (ሁሉም በፈረንጆቹ ነው)። ግቢያችን ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ እኔም አውቃለሁ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ እያወቀ የለቀለቀውስ?

አልተቀየሙኝም፤ እሱ ነው የባሰው። ሞተር ክፍል የኖሩ ሰው ናቸውና «አንድ ጎታች ይህን አይችልም» አሉ። እውነትም ሁለት ነበሩ፤ ምሰሶዎቿም ቀድመው ወልቀው ነበር። ሰዓሊው ምሰሶውን መልሶ አንዷን ጎታች ሰወራት። «ጭሱንስ አሳምሮታል። ከሥር ከሰል የሚያጎርሱት ልጆች የታሉ?» መልስ አልነበረኝም። ያኔ ቀና ብለው «ፎቶዬስ?» አሉኝ።

ፍሬም ቤት ረስቼዋለሁ።

ፎቶው በማግስቱ መጣ። መርከቧ ግን አልጋዬ ሥር ናት። የምትፈልጉ ካላችሁ፣ በሽንኩርቱ ዋጋ እሸጣለሁ።