የወዳጅ መሪዎች መምረጫ አዋጅ ቁጥር 13

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

እኛ በአዳራሽ ክብ ሠርተን የተቀመጥን፣ ከመካከላችን አንዱም ወንበሩን ለመልቀቅ ያልቸኮለ፣ የመንግሥታት መሪዎች፤

ሕዝብ ያልመረጠውን መሪ ወዳጅ ማድረግ ለስማችን የማይበጅ ሆኖ ስለተገኘ፤

ሕዝብ ያልመረጠውን መሪ ወዳጅ አለማድረግ ደግሞ ለነዳጃችን፣ ለወደባችንና ለጦር ሰፈራችን የማይበጅ ሆኖ ስለተገኘ፤

ሁለቱን አስታርቆ የሚያሳድር ሕግ ማውጣት በማስፈለጉ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ “የወዳጅ መሪዎች መምረጫ አዋጅ ቁጥር 13” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ቁጥሩ የተመረጠው ለቶጎ ክብር ነው። ጃንዋሪ 13 ቀን 1963 (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ፕሬዚዳንት ሲልቫነስ ኦሊምፒዮ በወታደሮች ተገደሉ። በዚያው ዓመት በግንቦት የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት፣ ከግድያው በኋላ የተተካው መንግሥት ገና ዕውቅና አላገኘም ነበርና ቶጎ ከድግሱ ቀረች። በአራተኛው ዓመት፣ ቀኗን እንኳ ሳያዛንፉ ጃንዋሪ 13፣ ግናሲንግቤ ኤያዴማ የሚባሉ መኮንን በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዙ።

ይህ ድርጅት “ከሕገ መንግሥት ውጭ የሚደረግ የመንግሥት ለውጥን አንቀበልም” የሚለውን መግለጫ በሐምሌ 2000 ያወጣው የት ተሰብስቦ ይመስላችኋል? ሎሜ፣ የቶጎ ዋና ከተማ። ጋባዡስ? ራሳቸው ኤያዴማ፣ ወንበሩን በያዙ በ33 ዓመታቸው። አዋጅ ነጋሪው እዚህ ላይ እንዳይስቅ ታዟል።

እሳቸው በ2005 ሲሞቱ ጦሩ ልጃቸውን ፎር ግናሲንግቤን በወንበሩ አስቀመጠ። እኛም ተቆጣን። ልጅየው ለጥቂት ሳምንታት ወረድ ብለው በሚያዝያ ምርጫ አሸንፈው ተመለሱ፤ ቁጣችንም በረደ። በ2024 ሕገ መንግሥቱ ተለወጠ፤ በ2025 የዘመን ገደብ የሌለበት ሹመት አገኙ። ሁሉም በሕግ ነው፤ ማኅተሙም አለ።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

“መፈንቅለ መንግሥት” ማለት፣ አንደኛ፣ ወታደር የተመረጠን መሪ ሲያወርድ፣ ሁለተኛ፣ እኛ መፈንቅለ መንግሥት ነው ብለን ስንጠራው ነው። ሁለተኛው ካልተሟላ አንደኛው ብቻውን አይበቃም። ለምሳሌ በ2013 የግብፅ ጦር ሞሐመድ ሙርሲን ሲያወርድ፣ ዋሽንግተን ቃሉን ከአፏ ሳታወጣ ቀረች። በሕጓ ቃሉ ከወጣ ዕርዳታው ይቋረጣል፤ ወታደራዊው ብቻ በዓመት 1.3 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በኒጀር ደግሞ ጁላይ 26 ቀን 2023 የሆነውን በስሙ ለመጥራት እስከ ኦክቶበር 10 ፈጀባት። አጋዴዝ ላይ የድሮን ሰፈር ነበራትና፣ የሰው ቤት ተቀምጦ ባለቤቱን መሳደብ አይገባም።

“በር” ማለት ወደ ሥልጣን የሚገባበት ነው። መሪ የሚጠየቀው በየትኛው በር እንደገባ ብቻ ነው። ከገባ በኋላ ቁልፉን የት እንዳደረገ መጠየቅ በውስጥ ጉዳይ ጣልቃ መግባት ይሆናል። ከዚህ አዋጅ በፊት በጓሮ የገባ እንደ ባለርስት ይቆጠራል። ስለዚህም የኢኳቶሪያል ጊኒው ቴዎዶሮ ኦቢያንግ በ1979 አጎታቸውን ገልብጠው የገቡ ቢሆንም፣ በ2011 የአፍሪካ ኅብረት ሊቀመንበር ሲሆኑ በሩን ያነሳባቸው የለም።

“ዕውቅና ያለው ፕሬዚዳንት” ማለት ግን የግድ አገር የሚገዛ ማለት አይደለም። ቬኔዝዌላዊው ሁዋን ጓይዶ በ2019 ከ50 በላይ አገሮች ፕሬዚዳንት ያሏቸው፣ ካራካስ ውስጥ ግን አንድ የጦር ካምፕ በር የሚከፍትላቸው ያጡ ሰው ነበሩ። በ2022 መጨረሻ ጊዜያዊ መንግሥታቸውን የዘጉት የራሳቸው ወገኖች ናቸው።

አንቀጽ 3፦ ስለ ልጆች

በአባቱ ወንበር የተቀመጠ ልጅ ወራሽ እንጂ ገልባጭ አይባልም። የቻዱ ኢድሪስ ዴቢ በሚያዝያ 2021 ሲሞቱ፣ ሕገ መንግሥቱ የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ይተካ ይል ነበር፤ የተተካው ግን ጄኔራሉ ልጃቸው ማሃማት ነው። በዚያው ዓመት ማሊና ጊኒ ከኅብረቱ ሲታገዱ ቻድ አልታገደችም። ለቅሶ ቤት ደርሶ ስለ ሕገ መንግሥት ማንሳት ነውር ነውና።

አንቀጽ 4፦ ስለ “እንኳን ደስ አለዎት” ደብዳቤ

ደብዳቤው አስቀድሞ ይታተማል። ለስሙ አንድ መስመር፣ ለመቶኛው ሁለት አኃዝ የሚያህል ባዶ ቦታ ይተውለታል። ከ90 በላይ ከሆነ “ታሪካዊ” የሚል ቃል ይጨመራል። በ2007 አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የዲሞክራሲ ቻርተራችን “ገልባጭ በሽግግሩ ምርጫ አይወዳደርም” ይላል። ጋቦን ውስጥ የቦንጎን ቤተሰብ የ56 ዓመት አገዛዝ በ2023 የጣሉት ጄኔራል ኦሊጊ ንጌማ ግን በሚያዝያ 2025 ተወዳደሩ፤ ከ90 በመቶ በላይ አገኙ፤ በአገራቸው ላይ የነበረው እገዳም ተነሳ። ቻርተሩ መደርደሪያው ላይ እንዳለ ነው፣ ማንም አልነካውም።

አንቀጽ 5፦ እንዳይደገም ስለሚያስፈልግ አጋጣሚ

በዲሴምበር 2016 የጋምቢያ ሕዝብ ያህያ ጃሜን በካርድ ጣለ። ሰውየው መጀመሪያ ስልክ ደውለው እንኳን ደስ አለዎት አሉ፤ በሳምንቱ ሐሳባቸውን ለወጡ። ጎረቤቶቹም፣ ምን እንደነካቸው አይታወቅም፣ የሕዝቡን ድምፅ የምር ወሰዱት። ጃንዋሪ 19 ቀን 2017 አሸናፊው አዳማ ባሮ ዳካር በሚገኘው የጋምቢያ ኤምባሲ ውስጥ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ቤተ መንግሥት የለ፣ ሰልፈኛ ጦር የለ፤ ዘበኛና ቪዛ ጠያቂ በሚመላለስበት ግቢ። የጎረቤት ጦር ድንበር ተሻገረ፤ ጃሜ በሁለተኛው ቀን ተሳፍረው ሄዱ። መርሁን እንዲህ ቃል በቃል መተርጎም ሌሎቻችንን የሚያሳስብ በመሆኑ፣ ጉዳዩ እንደ ምሳሌ ሊጠቀስ አይችልም።

አንቀጽ 6፦ ስለ ዕቃ አያያዝ

ዓለም በቃኝ እስር ቤት በነበረበት መሬት ላይ በቆመው ያዳራሻችን ግቢ፣ የታገደ አገር የስም ሰሌዳ ከጠረጴዛው ይነሳል እንጂ አይጣልም። የጽዳት ሠራተኛዋ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ፣ ስሙን ወደ ላይ አድርጋ፣ በላይኛው መሳቢያ ታስቀምጠው፤ ቶሎ ይፈለጋል። የታችኛውን መሳቢያ እንዳትከፍት። ማሊ በ2020 “በ18 ወር ወደ ሲቪል አስተዳደር እንመለሳለን” ያለችበት ወረቀት ያለው እዚያ ነው፤ ቀኑ ገና አልደረሰም።