የለቡ መሰላል

ለቡ ላይ የጅቡቲው ባቡር ጣቢያም ሆነ ኮንዶሚኒየም ሳይሠራ፣ ሁለት ወንድማማች ውርንጭላዎች በአንድ ሌሊት ከአንድ የጤፍ ማሳ ገቡ። አንዱ በላይ በኩል ተይዞ አያ ዝንጀሮ ፊት ቀረበ፤ ሦስት ክረምት ውኃ እንዲሸከም ተፈረደበት። ሌላው በታች በኩል ተይዞ እመት ጦጢት ዘንድ ቀረበ፤ ሦስት ቀን ተሸክሞ ቤቱ ገባ። ዳኞቹ ጉቦ አልበሉም፣ ለማንም አላደሉም። አያ ዝንጀሮ በድርቅ ያደገ ነው፤ እህል ሲባክን አንጀቱ አይችልም። እመት ጦጢት ደግሞ በልጅ አትጨክንም።

እናት አህያ አንበሳ ደጅ ሄደች። «ጌታዬ፣ ልጆቼ አጥፍተዋል፤ አልካድኩም። ግን የሚቀጡት በየት በኩል እንደተያዙ እየታየ ነው እንዴ?»

አንበሳም ባለ ብዙ እርከን መሰላል አሠራ። ለየጥፋቱ መነሻ ተቆረጠለት። በሌሊት ያጠፋ አንድ እርከን ይወጣል፤ ቀድሞ ያላጠፋ አንድ ይወርዳል፤ የተጸጸተም እንዲሁ።

በእኛም አገር የሆነው ይኸው ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 88 ቅጣት ተቀራራቢ እንዲሆን የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማንዋል እንዲያወጣ አዘዘ፤ የመጀመሪያው መመሪያ በ2002፣ የተሻሻለው ቁጥር 2 በ2006 ዓ.ም. ወጣ። በዚህ መመሪያ ደረጃ ላልወጣላቸው ወንጀሎች ግን «ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከባድ» ብሎ የሚመድበው ዳኛው ነው። ዋናው ጭንቅ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በለቡም የጤፍ ክርክር ቀረ። በዓመቱ ግን ሁለት የሚያጠቡ ፍየሎች የባልቴቷን የእመት ጃርትን ጎመን በሉ፤ ለጎመን የተቆረጠ መነሻ አልነበረም። አያ ዝንጀሮ ከከባዱ ጀመረ፣ እመት ጦጢት ከዝቅተኛው። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም በመሰላሉ ወጡ፣ ወረዱ። ለአንዷ ሁለት ክረምት፣ ለሌላዋ ሁለት ቀን ደረሳት።

ጸሐፊዋ ኤሊ ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን ዘረጋች። «መነሻውን ለምን እዚያ አደረጋችሁት?»

«ባልቴቷ ከዚያ ጎመን ሌላ የምትበላው የላትም» አለ አያ ዝንጀሮ።

«ፍየሏ የምታጠባ እናት ናት» አለች እመት ጦጢት።

«እመት፣ እሱማ መውረጃ ነው እንጂ መነሻ አይሆንም። እናት በላችው ተብሎ የጎደለው ጎመን አይሞላም።»

እመት ጦጢት መዝገቡን ተቀብላ ከከባዱ ጀመረች፤ ስለ ግልገሏ አንድ እርከን አወረደችላት። አያ ዝንጀሮም እሱ የፈረደባት ፍየል የምታጠባ መሆኗን በገዛ መዝገቡ ላይ አገኘው፤ ጽፎት ሳይቆጥርላት አልፎ ነበር። እሱም አንድ አወረደ። አንበሳ ምክንያቶቹ ከመሰላሉ ሥር እንዲቀረጹ አዘዘ። በማግስቱ የሦስተኛ ፍየል ጉዳይ የቀረበለት ቀበሮ ሁለቱንም አንብቦ ፈረደ፤ ከሥራቸውም የራሱን ምክንያት ጨመረ።