የመራጭ ጥያቄ አኗኗርና ዕድሜ፦ በቢቸናና በሞጣ መስክ ላይ የተመሠረተ ጥናት

የምክር ቤት አባል ወደ መራጩ ሲወርድ የሚመዘገበው እሱ ነው። መኪናው፣ የለበሰው ጋቢ፣ ከአገር ሽማግሌዎች ጋር የተነሣው ፎቶ በዜና ይወጣል። ከእሱ በፊት አዳራሹ ውስጥ የነበረውና ከእሱም በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ግን እስካሁን አጥኚ አላገኘም። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን በከፊል ለመሙላት መስኩን በምሥራቅ ጎጃም ወስኗል። ቢቸናና ሞጣ የተመረጡት ጥያቄ በደጋ አየር ቶሎ ስለማይበላሽ ነው።

ተወካዩና ጥያቄው የሚገናኙበት ወቅት ከሕገ መንግሥቱ የሚመነጭ ነው። በአንቀጽ 58 መሠረት ምክር ቤቱ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ጀምሮ እስከ ሰኔ 30 ይሠራል፤ በመካከሉም የአንድ ወር ዕረፍት አለው። በዚያ ዕረፍትና በክረምት አባላቱ ወደ ምርጫ ክልላቸው ይወርዳሉ። ይህም «የውክልና ሥራ» ይባላል። (በቀረው ጊዜ የሚሠራው ምን እንደሚባል የጥናቱ ወሰን አይፈቅድም።) አንቀጽ 54 ደግሞ አባሉ የሚገዛው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው ይላል። የፓርቲው ስም ከዝርዝሩ መቅረቱ የጽሕፈት ግድፈት ሳይሆን አይቀርም። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ 547ቱም መቀመጫዎች በኢሕአዴግና በአጋሮቹ ሲያዙ፣ 547 ኅሊናዎች ያለ ቀጠሮ አንድ ቦታ መገናኘታቸው በሥነ ልቦና ሊቃውንት ገና አልተመረመረም።

የቀድሞው ሥርዓት ደጅ ጥናት ነበር። ባለጉዳዩ ስንቁን ቋጥሮ፣ በቅሎው ካለችው በበቅሎ፣ ከሌለችው በእግሩ ወደ ጌታው ደጅ ይሄዳል፤ እዚያም ይጠብቃል። ዘመናዊው አሠራር ጉዞውን ገለበጠው፤ አሁን የሚጓዘው ተወካዩ ነው። የሚጠብቀው ግን አልተለወጠም።

ወደ አዳራሹ እንግባ። ከፊት ረድፍ ሶፋ፣ ጠረጴዛው ላይ ሃይላንድ ውኃ፤ ከኋላ አግዳሚ ወንበር፣ አግዳሚው ላይ ደግሞ ወረዳው «ይወክላሉ» ብሎ የጠራቸው የሃይማኖት አባቶች፣ ሴቶችና ወጣቶች። (ተወካዩ ከሕዝቡ ተወካዮች ጋር ስለሚወያይ ሕዝቡ ራሱ ባይመጣም ውክልናው እጥፍ ነው።) መድረክ መሪው ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ ይሰጥና ጥያቄዎቹ ተሰብስበው አንድ ላይ እንደሚመለሱ ያስታውቃል። የጥናቱ ዋና ግኝት የተገኘው እዚህ ላይ ነው። አንድ አዛውንት ተነሥተው «ልጄ፣ ማዳበሪያው የሚመጣው ዘር ከተዘራ በኋላ ነው» ይላሉ። ቀጥላ አንዲት እናት ስለ ውኃ ቧንቧ ታነሣለች፤ ሌላው ስለ መንገድ፣ ሌላው ስለ ትራንስፎርመር። ለየብቻ ሲቆሙ እያንዳንዳቸው ስለታም ነበሩ። አንድ ላይ ሲሰበሰቡ ግን ጠርዛቸው ይጠፋና «የመሠረተ ልማትና የመልካም አስተዳደር ጥያቄዎች» የሚባል ልሙጥ ነገር ይሆናሉ። ልሙጥ ነገር ደግሞ ለመሸከም ይቀላል። ተወካዩ ብድግ ብሎ «አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ያነሣችሁት ሁሉ ተገቢ ነው» ሲል ማዳበሪያው በስሙ ሳይጠራ ያልፋል።

ዲማ ጊዮርጊስ ከቢቸና ሩቅ አይደለም። በዚያ አገር ቅኔ የሰማ ጆሮ «ለሚመለከተው አካል እናደርሳለን» ሲባል ሰሙን እንደ ዋዛ አሳልፎ ወርቁን ይፈልጋል። ወርቁ በጀት በመሆኑ ፍለጋው ረዥም ነው።

ጥያቄው ከዚያ በቃለ ጉባኤ ተጭኖ አዲስ አበባ ይደርሳል። ከቋሚ ኮሚቴ ወደ ሚኒስቴር፣ ከሚኒስቴር ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ደብረ ማርቆስ በደብዳቤ ይወርዳል፤ በመጨረሻም ወረዳው «የተባለው ችግር መኖሩ ተጣርቶ ይገለጽልን» የሚል ማሳሰቢያ ይደርሰዋል። ወረዳው ያጣራል። ችግሩ አለ።

ስለ ዕድሜው ከተነሣ ከሁሉም የሚበልጠው ናሙና ከሞጣ ወደ ጎንደር በሚያሻግረው የዓባይ መንገድ ላይ ይገኛል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው ድልድይ በጣሊያን ጦርነት ዘመን ተሰብሮ «ሰባራ ድልድይ» ሆነ። ከዚያ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ ፓርላማ ሁለት ቤት ሆኖ ሠራ፣ ፈረሰ፤ 835 መቀመጫ የነበረው ብሔራዊ ሸንጎ መጣ፣ ሄደ፤ የአሁኑ ምክር ቤት ተተካ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያ ማዶ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። መልሱን ያመጣው ከሦስቱ ምክር ቤቶች አንዱም አይደለም። ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ የግንባታ ሰው ሰዎቹ በገመድ ሲጎተቱ የሚያሳየውን ፎቶ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ አይቶ በ1994 ዓ.ም. አስጠገነው። በ1997 ጎርፍ ሲወስደው እሱ ያቋቋመው ድርጅት በኋላ ተንጠልጣይ ድልድይ ሠራ። ፍራንዝ በምሥራቅ ጎጃም አልተወዳደረም፤ አንድም ድምፅ አላገኘም፤ ለመራጭ ውይይትም አልተጠራም። ለውክልና ጽንሰ ሐሳብ ይህ አሳፋሪ ማስረጃ ስለሆነ ከዚህ በላይ አናብራራውም።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሄደ ውይይትም ነበር። ፓርላማው ያጸደቀው የእርሻ ገቢ ግብር በ1960 ዓ.ም. ጎጃም ሲደርስ ገበሬው መሬት መገመቱን ርስት ለመንጠቅ የተዘጋጀ ወጥመድ አድርጎ አየው። ሞጣና ቢቸናም ጥያቄያቸውን በጠመንጃ አቀረቡ። ምላሹ መጀመሪያ በአውሮፕላን መጣ። ኋላ ግን ውዝፍ ግብር ተሠረዘ፤ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ጸሐዩ እንቁሥላሴም ተነሥተው ከፋ ተሾሙ። ከሥፍራ ወደ ሥፍራ የማዛወር ባህል ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደሆነ አንባቢ ልብ ይሏል።

በ2015 ክረምት የመስክ ሥራው አስቸጋሪ ሆነ። ሐምሌ 28 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ነሐሴ 8 አባላቱ ከዕረፍት ተጠርተው አጸደቁት። ወቅቱ እንደ ልማዱ ከመራጩ ጋር የሚወያዩበት ነበር። ስለ መራጩ ተወያይተዋል ማለት ይቻላል፤ መራጩ አዳራሽ ውስጥ አለመኖሩ ስብሰባውን በእጅጉ አሳጥሮታል።

ጥናቱ አንድ ምክረ ሐሳብ አለው። ምርጫ በየአምስት ዓመቱ ተወካዩን ይቀይራል፤ የማዳበሪያው ጥያቄ ግን ያለ ተፎካካሪ ይመረጣል። ዕድሜው ለእጩነት ከሚፈለገው 21 ዓመት ይበልጣል፤ በምርጫ ክልሉ ኗሪነቱም አያጠያይቅም። ስለዚህ በሚቀጥለው ዕረፍት ጥያቄው በላንድክሩዘሩ አዲስ አበባ ሄዶ መቀመጫውን ይያዝ፤ ተወካዩ ደግሞ ቢቸና ይቆይ፣ ለዘር ሲደርስ ማዳበሪያ ከሚጠብቁት ጋር ይሰለፍ። አበሉ ለየትኛው እንደሚከፈል ፋይናንስ ይወስን።