የአረማሞ መድኃኒት በአውቶቡስ

ሽንት ይዞ አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው መከራውን ራሱ ያውቀዋል። የአጎቴ ባለቤት ባቲ ለተዳረች ልጃቸው አንድ ጀሪካን የላም ሽንት አሸከሙኝ። ከርሞ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ነው፤ ልጅቱ የማሽላ ዘር ልትዘፈዝፍበት።

«እትዬ፣ ባቲ ላም ጠፍቶ ነው?»

«ላምማ ሞልቷል፤ እንዲህ የከረመ ማን አለው?»

እንዲህ ያለ ኩራት ጠጅ ጣዮች ዘንድ ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር።

ቀኑ ሰኞ፣ የባቲ ገበያ ነው። ረዳቱ «ዘይት ነው?» ሲለኝ «መድኃኒት ነው» አልኩት፤ ጣራ ላይ ሰቀለው። ከኮምቦልቻ ወጥተን ወደ ቆላው ስናዘቀዝቅ ጀሪካኑ በሙቀቱ አብጦ ክዳኑን ተፋ። ሽታው ቀድሞ ገባ፤ ፈሳሹ ተከትሎ በመስኮት የአንድ ሽማግሌ ነጭ ጋቢ ላይ አረፈ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን አሸተት አድርገው፣ «የአረማሞ መድኃኒት! የማን ነው?» አሉ።

አውቶቡሱ ሸንጎ ሆነ። አንዷ በቀለዋ ቅጠል ማለች፤ ሌላው በእንዶድ። አንድ የልማት ሠራተኛ ነገሩን አብራራው፦ አረማሞ ማሽላን የሚይዝ ፈንገስ ነው፤ ጥቁር ዱቄቱ በውቂያ ጊዜ ጤነኛው ፍሬ ላይ ይለጠፋል፤ ዘሩ ሲበቅል አብሮ ነቅቶ ለጋውን ቡቃያ ይወርሰዋል። ቡቃያው ምንም ያልነካው መስሎ ያድጋል፤ ጉዱ የሚወጣው ማሽላው ሲያሸት፣ በፍሬ ፋንታ ዱቄት ሲይዝ ነው። ያኔ ቅጠል ቢወቅጡ ዋጋ የለውም። እንዶድን አረፋ የሚያስደፍቀው ሳፖኒን የፈንገሱን የሕዋስ ሽፋን የሚጎዳው ዱቄቱ ገና ከዘሩ ላይ ሳለ ነው። የስንዴና የገብስ ብናኝ አረማሞ ግን ዘሩ ውስጥ ስለሚደበቅ ከላይ የተቀባ መድኃኒት አያገኘውም።

«በላም ሽንትና በቅጠል!» ብሎ የሳቀ ጎረምሳም አልጠፋ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ የልብስ ማጠቢያው እንዶድ የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ ሲገድል ባያዩ ኖሮ፣ እሱም ቅጠል ተብሎ ይቀር ነበር።

«ጋቢዬስ?» አሉ ሽማግሌው።

«አባባ፣ ዘንድሮ አረማሞ አይደፍርዎትም» አለ ረዳቱ። የማሳጠቢያው ሒሳብ የእኔ ሆነ።

አንባቢ ሆይ፣ ሽንትም ሆነ ቅጠል ከዘር በፊት ተጠቀም፤ የበረታ ጭማቂ ብቅለቱንም ይገድላልና መጀመሪያ በጭብጥ ዘር ሞክር። አረማሞ የያዘውን ራስ ደግሞ ሳትወቃ ቆርጠህ አቃጥል።